ኃይለኛው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ገንዘቡን ያወጣልን?

አንድ ዕቃ ጥሩ መሆኑና የወጣበትን ገንዘብ የሚያወጣ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት ሳያመዛዝን የሚገዛ ሰው ዘግይቶ መጸጸቱ አይቀርም።

እንደሚታወቀው መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩኩን ቀረጥ 15 በመቶ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። እንግዲህ አዲስ አውቶሞቢል ለሚሻ የመቀሌ ሰው ጥያቄው «ኤሌክትሪክ ወይስ ቤንዚን» መሆኑ ቀርቶ «የትኛው ኤሌክትሪክ» የሚል ሆኗል።

በመጀመሪያ ትርፉን እንመልከት። በዓመት 15,000 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው፣ ቤንዚን በ100 ኪሎሜትር 8 ሊትር ቢፈጅበት፣ 1,200 ሊትር ያስፈልገዋል። በጥር 2017 ዓ.ም. የሊትሩ ዋጋ ከ100 ብር በላይ ስለ ነበረ ወጪው ከ120,000 ብር ይበልጣል። የኤሌክትሪኩ አውቶሞቢል ግን በ100 ኪሎሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ የዓመቱ 2,700 ይሆናል። ለሒሳብ ያህል አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ብንለው እንኳ ከ27,000 ብር አይዘልም።

ነገር ግን ይህ ትርፍ የሚገኘው ከኤሌክትሪኩ እንጂ ከፍጥነቱ አይደለም። ለምሳሌ በአገራችን የታወቀውን የፎልክስዋገን አይዲ 4 እንውሰድ። በአውሮፓ ገበያ ቀድሞ የነበረው ባለ አንድ ሞተሩ 204 የፈረስ ጉልበት ኖሮት፣ ቆሞ ተነሥቶ 100 ኪሎሜትር ፍጥነት ለመድረስ 8.5 ሰኮንድ ይወስድበት ነበር። ባለ ሁለት ሞተሩ 299 የፈረስ ጉልበት ኖሮት በ6.2 ሰኮንድ ይደርስ ነበር። ሁለቱም የያዙት ባትሪ 77 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖ፣ አንደኛው እስከ 520፣ ሁለተኛው እስከ 480 ኪሎሜትር ይሄዳሉ ተብሎ ነበር። ስለዚህ ገዢው ገንዘብ ጨምሮ 2.3 ሰኮንድ ሲያተርፍ 40 ኪሎሜትር ይከስራል ማለት ነው። ባጃጅና እግረኛ በሚተላለፍበት የከተማ መንገድ ይህች ሰኮንድ ለምን ትጠቅማለች?

በሌላ በኩል እውነቱን መሸሸግ አይገባም። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ አየሩ ስስ ነውና ተራው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይሻ አይደክምም። የአላጄን አቀበት ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ቁልቁለቱን ሲወርድም ሞተሩ መልሶ ባትሪውን ይሞላል። ሆኖም ይህ ጸጋ ለባለ አንድ ሞተሩም የተሰጠ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የኃይሉ አቅርቦት ነው። መቀሌ በጦርነቱ ዘመን ነዳጅም ኤሌክትሪክም አጥታ፣ ከብሔራዊው የኃይል መስመር ጋር እንደገና የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አገሪቱ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ አላት፤ በከተማይቱ አጠገብም 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ጣቢያ አለ። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን እስከ ቤት ማድረስ አንድ አይደሉም። በተራ የቤት ሶኬት በ2.2 ኪሎዋት የሚሞላ 77 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 35 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አዲስ አበባ ለመድረስም ከ750 ኪሎሜትር በላይ መንገድ አለ።

ስለዚህ ወጣቱ ሠራተኛ ከፈረስ ጉልበቱ አስቀድሞ የባትሪውን ዋስትና፣ የሚጠግንለትን ሰውና የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር ይመርምር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ተወድዷልና። ልከኛው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሒሳቡ ለተስተካከለለት ሰው ያዋጣል፤ የፍጥነቱ ጭማሪ ግን የደስታ ዋጋ እንጂ የጥቅም ዋጋ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በሰኮንድ የሚገኘውን ለመግዛት የዓመታትን ቁጠባ ማፍሰስ ብልህነት አይደለም።