ከሶፋው ጀርባ ያለው የገመድ ጎጆ

እስቲ ዛሬ ማታ ከቴሌቪዥኑ መደርደሪያ ጀርባ በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። የስልኩ ሽቦ፣ የሞደሙ፣ የዲሹ፣ በላያቸው ላይ ደግሞ የማከፋፈያው ወፍራም ገመድ ተቃቅፈው አቧራ ለብሰዋል። እንግዳ የማያየው ቦታ ስለሆነ ማንም አይነካውም። ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ግን ሁላችንም የምንሰድበው አገልግሎት ሰጪውን ነው። አንዳንዴ ስድቡ ይገባዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከምሰሶው ወዲህ፣ በራሳችን ግቢ ነው።

ጉዳዩን በዚህ ወር ያነሣሁት ብዙዎቻችሁ ከተማ ተቀምጣችሁ ለወላጆቻችሁ አገር ቤት ቤት ስለምታሠሩ ወይም ስለምታድሱ ነው። ሮቢትን እንውሰድ። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ የራያ ቆላ ፀሐይ የማይራራላት ከተማ ናት። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሰሜን ወሎ ሲዘልቅ ቆቦና አካባቢዋ ከስልክ ውጪ ሆኑ፤ አዲስ አበባ ያለ ልጅ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ወራት ገፋ። ያንን ማንም ቤተሰብ ሊያስቀረው አይችልም ነበር። ዛሬ ግን የእናትዎ መስመር አንድ የዛገ መጋጠሚያ ስላለው ቢጠፋ፣ ይህኛው በእርስዎ እጅ ያለ ነገር ነው።

የስልክ ሽቦ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የዳግማዊ ምኒልክ መስመር ታሪክ የሚጀምረው በ1894 (እ.ኤ.አ.) ነው። የመዳቡ ስልክ አሠራርም ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ ብዙ አልተለወጠም። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠማዝዘው ይመጣሉ። መጠማዘዛቸው ለጌጥ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ሁካታ በሁለቱም ላይ እኩል እንዲያርፍና እንዲጠፋፋ ነው። ስለዚህ ገመድ አስተካክላለሁ ብሎ ጥንዱን በረጅሙ የሚፈታ ሠራተኛ ካዩ ያስቁሙት። በመስመሩ ላይ ሁልጊዜ 48 ቮልት ገደማ አለ፤ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ከዚያ በጣም ከፍ ይላል፤ የተላጠ ሽቦ የያዘ ሰው ይነዝረዋል።

ከሁሉ የሚከፋው የስልክና የመብራት ገመድ በአንድ ቱቦ ውስጥ ማስገባት ነው። ልስን ለማትረፍ ሲባል በየቤቱ ይደረጋል። የመብራቱ ሽፋን አንድ ቀን ከተላጠ 220 ቮልት በስልኩ ሽቦ ተጉዞ ሞደሙንና የሚነካውን ሰው ያገኛል። ለየብቻ ቱቦ ይዘርጉላቸው፤ ጎን ለጎን መሄዳቸው ግድ ከሆነ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራራቁ፤ መሻገር ካለባቸውም እንደ መስቀል ቀጥ ብለው ይሻገሩ።

ቀጥሎ ወደ ውጭ እንውጣ። ሮቢት የማውቃቸው አንዲት እናት ከምሰሶው ወደ ቤታቸው በሚገባው ጥቁር ገመድ ላይ ልብስ ያሰጡ ነበር። «እማማ፣ ይሄ እኮ የስልክ ነው» ስላቸው፣ «ታዲያ ምን ይለዋል ሆዴ፣ ባዶውን ከሚውል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ገመዱ ግን መልስ ነበረው፦ በጎተቱት ቁጥር ከግድግዳው ላይ ያለው መጋጠሚያ እየላላ ሄዷል። መፍትሔው ሁለት ነበር፤ የስልኩን ከፍ አድርጎ በጠንካራ መንጠቆ ማሰር፣ ለልብሱም ሌላ ገመድ መግዛት። ሁለተኛው ብዙ ደስ አሰኛቸው።

መጋጠሚያው በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለ ለቆላ አይሆንም። ሙጫው በሙቀት ይቀልጣል፣ ናስትሮው ይገለጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲገባበት መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል፣ ስልኩም ይንሻሻል። ከተቻለ ከምሰሶው እስከ ቤት ያለ መጋጠሚያ አንድ ወጥ ገመድ ይሁን፤ ካልተቻለ ውስጡ ቅባት ያለው ማያያዣ ያስገዙ። ገመዱ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይመለስ፤ ውኃው እዚያ ዝቅ ያለበት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎት ሳሎን አይገባም። ቀዳዳውም ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ።

በጭቃና በእንጨት በተሠራ ቤት ምስማር ቆልምሞ ሽቦውን መያዝ የተለመደ ነው፤ ያው ምስማር ግን ውሎ አድሮ ሽፋኑን ይበሳል። የፕላስቲክ ክሊፕ ዋጋው ትንሽ ነው። ገመዱን በወለሉ ጥግ አይቅበሩት፤ አይጥና ምስጥ ከእርስዎ ቀድመው ያገኙታል። ከኮርኒሱ ሥር በፕላስቲክ መሸፈኛ ይለፍ።

ፋይበር ያስገባችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በውስጡ የሚሄደው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ከመብራት ጋር አይጣላም። የሚጠላው መታጠፍን ነው። መስታወት መሆኑን አይርሱ፤ በጠባቡ ካጠፉት ብርሃኑ ያፈስሳል፣ ወይም ጨርሶ ይሰበራል። ትርፉን ከሻይ ሲኒ ማስቀመጫ ባላነሰ ክብ ጠምጥመው ይስቀሉት፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ አንቀው አይያዙት። ሶፋው ወደ ግድግዳ ሲገፋም እንዳይጨፈልቀው። ጫፉን ደግሞ በዓይን አይመልከቱ፤ ልጆችንም ይከልክሉ።

ትንሽ ነገር ግን የምወደው፦ በእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በእስክሪብቶ «ከምሰሶ»፣ «ወደ መኝታ ቤት» ብለው ይጻፉ። ብልሽት ሲመጣ አባትዎ በስልክ «ቀዩን ነው ወይስ ነጩን?» እያሉ ከሚለፉ፣ «መኝታ ቤት የሚለውን ይንቀሉ» ይሏቸዋል። ነጎድጓድ ሲጀምር ሞደሙን ከሶኬቱ ብቻ ሳይሆን ከመዳቡ የስልክ መስመርም እንዲነቅሉት አብረው ያስተምሯቸው፤ መብረቅ በሁለቱም በኩል ይገባል።

ሠራተኛው ሥራ ጨርሶ ሒሳብ ሲጠይቅ፣ ከመክፈልዎ በፊት የመስመር ስልኩን ያንሡ። ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ ገመዱን መግቢያው ላይ በእርጋታ ወዝወዝ ያድርጉትና እንደገና ያዳምጡ። ከተንኮሻኮሸ መሰላሉን ገና እንዳያወርድ ይንገሩት።