ድኻ ሰማይ አያይምን?

ስለ ፍጥረተ ዓለም መደነቅ ሆዱ ለሞላና ጊዜ ለተረፈው ሰው ብቻ የተሰጠ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ለዕለት እንጀራው የሚሮጥ ሰው ቀና ብሎ ሰማይን ለማየት ፋታ የለውም ይባላል። እኔ ግን ይህን አሳብ አልቀበለውም።

እስቲ ከሰማይ በታች የሚያድረው ማን ነው? በጋቢ ተጠቅልሎ ሌሊቱን ደጅ የሚያነጋው ዘበኛ፣ አዝመራውን ከአውሬ ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚያድረው ገበሬ፣ ገና ሳይነጋ ሸክሟን ይዛ ወደ ገበያ የምትጓዘው እናት አይደሉምን? የጨረቃን መሙላትና መጉደል፣ የአጥቢያ ኮከብን መውጣት ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። እኛ አምፑል አብርተን፣ መጋረጃ ጋርደን፣ የፕላኔቶችን ስም ከመጽሐፍ እንሸመድዳለን፤ ፈተናው ሲያልፍም እንረሳዋለን።

የቦረና ከብት አርቢዎችን እንመልከት። ከእነርሱ መካከል አያንቱ የሚባሉት ዐዋቂዎች ቴሌስኮፕም የምርምር ጣቢያም ሳይኖራቸው፣ ጨረቃን ከከዋክብት ጋር እያስተያዩ 12 ወሮችንና 27 የቀን ስሞችን በቃላቸው ይቈጥራሉ። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ሥርዓት ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ቈጠራ ገልጸውታል። «ይህማ ለኑሮ ጥቅም ነው እንጂ መደነቅ አይደለም» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ነገር ግን ሰው ልቡን ያልነካውን ነገር ትውልድ እስከ ትውልድ እንዲህ አትኩሮ ያያልን? አይመስለኝም።

በአሜሪካ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2014 ከ35,000 በላይ ዐዋቂዎችን ጠይቆ፣ ከመቶው 46ቱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ፍጥረተ ዓለም ጥልቅ መደነቅ እንደሚሰማቸው ነግረውታል። እኛስ በየማለዳው በር የሚከፍትልንን ዘበኛ፣ ሌሊት ምን እንዳየና ምን እንዳሰበ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀነው እናውቃለን?

ለድኻው የጐደለው መደነቅ ሳይሆን መሣሪያው ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ እንደ ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ፣ ዐይኑን ሳይጐዳ ሊያያት የቻለው ልዩ መነጽር ያገኘ ሰው ነበር። መነጽር የሌለው ሰው የሚሰጠው ምክር «በቀጥታ አትመልከት» የሚል ነው።

ይህን ጕድለት ማቃለል ግን ይቻላል። ቀድሞ የሂንዱ መነኩሴ የነበረው ጆን ዶብሰን በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከኮምፔርሳቶና ከወዳደቀ ዕቃ ቴሌስኮፕ እየሠራ፣ መንገድ ዳር አቁሞ አላፊ አግዳሚውን ያለ ክፍያ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968ም ይህን የሚሠራ ማኅበር አቋቋመ። ዶብሰን ራሱም ሀብታም አልነበረም።

ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን በውሰትም ቢሆን አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ እንዲያገኝ አሳስባለሁ። የወላጆች በዓል የሚውለው በክረምት መግቢያ ስለሆነ ደመናው አያመችም፤ በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ጁፒተር በሚታይበት ምሽት ቢሆን ይሻላል። ጋሊሌዎ በ1610 ያያቸውን አራቱን ጨረቃዎች በትንሽ ቴሌስኮፕ ማየት ይቻላልና። ቴሌስኮፑ ከቤተ ሙከራ ውስጥ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ይቁም። ሰልፉም ሲጀመር ዘበኞቻችን፣ የጽዳት ሠራተኞቻችንና በር ላይ ቆሎ የሚሸጡልን እናቶች ከክቡራን እንግዶች ፊት ይቁሙ፤ እኛ ተማሪዎች ከኋላ እንደርሳለን።