ልማትን ከነፍስ ወከፍ ገቢ ባሻገር የመለካት አስፈላጊነት

የአንድ ሀገር የኢኮኖሚ ደረጃ ሲገለጽ በቅድሚያ የሚጠቀሰው አኃዝ የነፍስ ወከፍ ገቢ ነው። አኃዙ የሚገኘው በሀገሪቱ በአንድ ዓመት ውስጥ የተገኘው አጠቃላይ ገቢ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል ነው። ስሌቱ ቀላል በመሆኑ ለዕቅድ ዝግጅትና ለሀገሮች ንጽጽር በስፋት ያገለግላል። ይሁን እንጂ ገቢው በማን እጅ እንደገባና የዜጎችን ኑሮ ምን ያህል እንደለወጠ አያመለክትም።

ለአብነት ያህል አሥር አባወራዎች የሚኖሩበት መንደር ቢወሰድ፣ ዘጠኙ እያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺህ ብር፣ አሥረኛው ደግሞ 220 ሺህ ብር ቢያገኙ አማካይ ገቢያቸው 40 ሺህ ብር ይሆናል። በተከታዩ ዓመት የአሥረኛው ገቢ ብቻ ወደ 320 ሺህ ብር ቢያድግ አማካዩ 50 ሺህ ብር ይደርሳል። በሪፖርት ላይ የሚሰፍረው የ25 በመቶ ዕድገት ነው፤ ዘጠኙ አባወራዎች ግን ባሉበት ናቸው።

ገቢው በዶላር ሲገለጽ ተጨማሪ ችግር ይከሰታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመኑ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዓመት 57 ሺህ ብር የሚያገኝ ሰው በቀድሞው ተመን ገቢው 1 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ በ100 ብር ተመን ግን 570 ዶላር ብቻ ነው። አኃዙ በዚህ መጠን ሲወርድ የሰውየው የእርሻ ማሳም ሆነ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በዚያው ልክ አልቀነሰም። ሀገሮችን ለማነጻጸር በመግዛት አቅም የተስተካከለ ገቢ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመለኪያው ውስንነት አዲስ ግኝት አይደለም። የብሔራዊ ገቢ አሰላልን በማዳበር ግንባር ቀደም የነበሩት ኢኮኖሚስት ሳይመን ኩዝኔትስ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረቡት ሪፖርት የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢው መጠን ብቻ መገመት እንደማይቻል አስገንዝበው ነበር። ከ56 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የመጀመሪያውን የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት አወጣ። የዝግጅቱ መሪ የቀድሞው የፓኪስታን የገንዘብ ሚኒስትር ማህቡብ ኡል ሃቅ ሲሆኑ፣ ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን ለሐሳቡ መሠረት የሆነውን ትንታኔ አበርክተዋል። በእርሳቸው እይታ ልማት ማለት ሰዎች ሊሆኑና ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር መስፋት ሲሆን ገቢ ደግሞ ለዚህ የሚያገለግል መሣሪያ ነው።

የሰብዓዊ ልማት መለኪያው ሦስት ጉዳዮችን ያጣምራል። እነዚህም አማካይ የዕድሜ ጣሪያ፣ ትምህርትና በመግዛት አቅም የተስተካከለ የነፍስ ወከፍ ገቢ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሰላል ማሻሻያ ተደርጎ በአንዱ ዘርፍ የታየን ጉድለት በሌላው ዘርፍ ብልጫ ሙሉ በሙሉ መሸፈን እንዳይቻል ተደርጓል። በዚህም ገቢው ከፍ ብሎ ጤናና ትምህርት ወደኋላ የቀሩበት ሀገር ደረጃው ዝቅ ይላል። በነዳጅ ሀብቷ የምትታወቀው ኢኳቶሪያል ጊኒ በሰብዓዊ ልማት ያላት ደረጃ በገቢ ካላት ደረጃ እጅግ ዝቅ ብሎ መታየቱ ለዚህ ማሳያ ነው።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ ሁለቱንም የጉዳዩን ገጽታዎች ያሳያል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ዝቅ ብሏል። ለውጡ የተመዘገበው የነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ተርታ ባልወጣችበት ወቅት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴት ባለሙያዎች ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው መሰማራታቸው፣ ክትባትና የወባ መከላከያ አጎበር እስከ ገጠር ቤተሰብ መድረሳቸው ለውጤቱ ድርሻ ነበራቸው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ገቢ እስኪያድግ ሳይጠበቅ ሕይወት ማትረፍ እንደሚቻል ነው።

በሌላ በኩል የገቢ መሻሻል በራሱ ሁሉንም ችግር እንደማይፈታ የሚያሳይ መረጃም አለ። ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ፣ ማለትም በግማሽ ገደማ ወርዷል። የመቀንጨር ችግር ያለባቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ድርሻ ግን በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 58 በመቶ በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ወደ 38 በመቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ 1 ሺህ ቀናት በተመጣጠነ ምግብ እጦት የተጎዳ ሕፃን ጉዳቱ በአካሉና በአእምሮው ዕድገት ላይ የሚቆይ በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ከዓመታት በኋላ ገቢው ቢሻሻል ያለፈውን ሙሉ በሙሉ መመለስ አይችልም።

ሀገራዊው አማካይ በራሱ የክልሎችን ልዩነት ይሸፍናል። በ2008ቱ ጥናት የመቀንጨር ምጣኔ በአዲስ አበባ 15 በመቶ ሲሆን በአማራ ክልል 46 በመቶ ነበር። ክልሉ እንደ ጎጃም ያሉ በትርፍ አምራችነት የሚታወቁ አካባቢዎችን የያዘ መሆኑ ሲታሰብ፣ የእህል ምርት ብዛትና የሕፃናት አመጋገብ አንድ አለመሆናቸው ግልጽ ይሆናል። በዚያው ጥናት የሕፃናት ሞት በአዲስ አበባ ከ1 ሺህ 39 ሲሆን በአፋር ክልል 125 ተመዝግቧል። አኃዞቹ በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከተካሄደው ጦርነት በፊት የተሰበሰቡ በመሆናቸው የአሁኑን ሁኔታ ሳይሆን የወቅቱን ልዩነት እንደሚያሳዩ መታወቅ አለበት።

ልዩነቱን በቤተሰብ ደረጃ ለማየት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ላይ የዋለው የዘርፈ ብዙ ድህነት መለኪያ ነው። መለኪያው በጤና፣ በትምህርትና በኑሮ ሁኔታ ሥር አሥር አመልካቾችን ይመረምራል። የአመልካቾቹ ክብደት ተደምሮ እጦቱ አንድ ሦስተኛ ከደረሰ የቤተሰቡ አባላት ድሃ ተብለው ይመዘገባሉ። ለምሳሌ የተመጣጠነ ምግብ ያላገኘ ሕፃንና ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆነ ልጅ ያሉበት ቤት እያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ስለሚይዙ በሁለቱ እጦቶች ብቻ መስፈርቱ ላይ ይደርሳል። የመለኪያው ጥቅም ድሃው ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምን እንደጎደለውም ማሳየቱ ነው። ውኃ የጎደለውና ትምህርት የጎደለው ወረዳ አንድ ዓይነት በጀት አይፈልጉም።

እነዚህም መለኪያዎች ቢሆኑ ከጉድለት ነፃ አይደሉም። በሰብዓዊ ልማት መለኪያ ትምህርት የሚሰላው በዓመታት ብዛት ሲሆን ተማሪው ምን እንዳወቀ አይመዘንም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በትምህርት ቤት በቆዩበት ጊዜና በተገኘው ዕውቀት መካከል ያለውን ርቀት አሳይቷል። የተገነቡ ክፍሎችንና የተመዘገቡ ተማሪዎችን ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ይህን ርቀት ቀድሞ ሊያመለክት አይችልም።

ጉዳዩ ለስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የአፈጻጸም ሪፖርት የሚያዘጋጅ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚቆጥር ሲወስን በጀት ወዴት እንደሚሄድም በተዘዋዋሪ ይወስናል። አማካይ ውጤት ከፍ ማለቱ ሲገለጽ ዝቅተኛው ቀበሌ የት እንደደረሰ አብሮ ሊገለጽ፣ የተሠራው ሥራ ብዛት ሲቀርብ የተገኘው ለውጥም ሊቀርብ ይገባል። በየጥቂት ዓመታት የሚካሄዱ ጥናቶች በመካከል ያለውን ጊዜ ስለማይሸፍኑ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በቀበሌ ደረጃ መጠናከሩ ልዩ ጠቀሜታ አለው። ልደትና ሞት በወቅቱ ሲመዘገብ የሕፃናት ሞት የበዛበት ቀበሌ ቀጣዩ ሀገር አቀፍ ጥናት እስኪወጣ መጠበቅ አይኖርበትም።

የነፍስ ወከፍ ገቢ ከዕቅድ ሰነዶች የሚወጣበት ምክንያት የለም። ያለ ገቢ ዕድገት የጤናና የትምህርት ወጪን በዘላቂነት መሸፈን አይቻልም። ይሁን እንጂ አኃዙ የሀገሪቱን አቅም እንጂ ያ አቅም የደረሰበትን ቤት አያሳይም። ዕድገቱ ወደ እያንዳንዱ ቤት መድረሱን ማረጋገጥ የሚቻለው ቤቱ ራሱ ሲቆጠር ነው።