ቡድን ለሁለት አይከፈልም



በከተማችን በአረርቲ ሁለት ሰዎች በጋራ ያቋቋሙት የእግር ኳስ ቡድን፥ ባለቤቶቹ ተጣልተው ፍርድ ቤት ስለ ቆሙ፥ ማልያው በአንዱ ቤት፥ ኳሱ በሌላው ቤት ተቆልፎበታል። ተጫዋቾቹ ተማሪዎቼ ናቸው።

ሊቨርፑልን በ1999 ዓ.ም. በእኩል ድርሻ የገዙት ሂክስና ጂሌትም ተኳርፈው ነበር፤ ክለቡንም ዕዳ ከበደው። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ሽያጩን እንቢ ቢሉም፥ የሎንዶን ፍርድ ቤት ፈረደባቸው፤ ክለቡ በ300 ሚሊዮን ፓውንድ ለሌሎች ተሸጠ።

ሰሎሞን ሕፃኑ ይከፈል ባለ ጊዜ፥ እውነተኛይቱ እናት ልጁን መልቀቅ መረጠች። ከእነዚህ ባለቤቶች እናት የሚሆነው ማን ነው?

በየመሥሪያ ቤታችሁ ቡድን የምታቋቁሙ ወንድሞች ሆይ፤ ከማልያው በፊት ውል ጻፉ። ጠብ ቢነሣ ዳኛው ማን፥ ንብረት ያዡ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታወቅ።

አንድ መምህር
ከአረርቲ