የጉልበት መርፌ፦ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ የሐኪሙ ሥልጠና ይጠየቅ

ባሕር ዳር፦ የአጨዳ ወቅት ሲደርስ ጉልበቱ ያበጠበት አርሶ አደር የሚመኘው ቶሎ ቆሞ መሄድን ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል የከተማ ነጋዴም ምኞቱ ከዚህ አይለይም። «አንድ መርፌ ተወግቼ ተሻለኝ» የሚለው የጎረቤት ወሬ ቶሎ የሚታመነው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጥ መርፌ በክንድ ወይም በታፋ ላይ ከሚሰጠው ይለያል። ጥቅሙም ሆነ ጉዳቱ በእጅጉ የሚወሰነው በሰጪው ሙያ ነው።

ሕክምናው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ሆላንደር ሃይድሮኮርቲዞንን መገጣጠሚያ ውስጥ የመስጠትን ውጤት ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። መድኃኒቱ ብግነትን አብርዶ ለሳምንታት እፎይታ ይሰጣል፤ የሕመሙን ምንጭ ግን አይነቅልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት የልም አጥንት መሳሳት ያለባቸውን 140 የጉልበት ሕሙማን ለሁለት ዓመታት ተከታትሏል። በየሦስት ወሩ ስቴሮይድ የተወጉት የጨው ውኃ ብቻ ከተወጉት ይልቅ ልም አጥንታቸው ሳስቶ ተገኝቷል፤ በሕመም ስሜት ረገድ ግን የጎላ ልዩነት አልታየም።

የሙያው ክብደት የሚጀምረው መርፌው ከመሰካቱ በፊት ነው። ጉልበት በሪህ፣ በልም አጥንት መሳሳት፣ በደም መፍሰስ ወይም በተሕዋስያን ሊያብጥ ይችላል። የሠለጠነ ሐኪም ሲጠራጠር ፈሳሹን ቀድቶ ያያል፤ ወደ ላቦራቶሪም ይልካል። ተሕዋስያን በገቡበት መገጣጠሚያ ስቴሮይድ መስጠት በእሳት ላይ ጭድ እንደ መጨመር ነው።

ይህ ችሎታ በንባብ ብቻ አይገኝም። በአሜሪካ አንድ የመገጣጠሚያ ሕመም ስፔሻሊስት ከሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ ሥልጠና በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት በዘርፉ ይሠለጥናል፤ መውጋትንም በአንጋፋ ሐኪሞች ዓይን ሥር ይለማመዳል። መገጣጠሚያዎችም እኩል አይቀልሉም። ጉልበት ለቆዳ የቀረበና ሰፊ ነው፤ ዳሌ ግን ጥልቅ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ እየታየ ይወጋል። ስለዚህ ጉልበት መውጋት የቻለ ሁሉ ዳሌ መውጋት ይችላል ማለት አይደለም።

በአገራችን የዘርፉ ስፔሻሊስቶች ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ናቸው። ሁሉም ሕመምተኛ ወደ እነርሱ ይሂድ ማለት የሚቻል አይደለም። የሚቻለው ሆስፒታሎች የአጥንት፣ የውስጥ ደዌና ጠቅላላ ሐኪሞቻቸውን በተግባር አሠልጥነው፣ ማን የትኛውን መገጣጠሚያ መውጋት እንደሚችል አረጋግጠው መመደብ፣ ከአቅም በላይ የሆነውንም በሪፈር መላክ ነው።

ሕመምተኛውም የመጠየቅ መብት አለው። «ሕመሜ ምንድን ነው? የምወጋው መድኃኒት ምን ይባላል? ይህን መገጣጠሚያ ከዚህ በፊት ወግተው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሊናገር ይገባል፤ ስቴሮይድ የደም ስኳርን ለቀናት ከፍ ያደርጋልና። አንድን መገጣጠሚያ በዓመት ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ በላይ መወጋትም በአብዛኛው አይመከርም። ከተወጉ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ወይም ሕመሙ ከበረታ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ተቋም መመለስ ያስፈልጋል። የተመረዘ መገጣጠሚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።