ስለ መኪና ወንበር ልብስ አጠባበቅ

ወደ ገጠር የሚወጣ ሹም የመኪናውን ሞተር በጊዜው ያስመረምራል፤ የወንበሩን ልብስ ግን ከቁም ነገር አይቈጥረውም። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። አንድ ቀን የፀረ ተባይ መድኃኒት በተጫነበት ወንበር ላይ በማግሥቱ ሕፃን ይቀመጣል፤ ጨርቁ የጠጣውም መርዝ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ልብሱ በጓንት ተገፎ፥ ከቤት ልብስ ተለይቶ፥ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ እጣቢውም ወደ ወንዝ አይደፋ። በውሃ ያልተበረዘ መድኃኒት የፈሰሰበት እንደ ሆነ ግን ማጠብ አይበቃም፤ ዋጋው ቢያሳዝንም ይጣል።

የቆዳ ወንበር ለብቻው ነው፤ ቤንዚንና በረኪና ያደርቁታልና፥ ኮርቻ እንደሚጠበቅ በርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ በጥላ ይደርቃል። ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒቱን መጀመሪያውኑ ከሰው መቀመጫ አርቆ በኋላ በጭነቱ ሥፍራ ማሰር ነው፤ ይህንም ለሾፌሩ ማዘዝ የሹሙ ፋንታ ነው።