መስኮት ከመክፈታችን በፊት



በጋው ገብቶ የመዶሻና የመጋዝ ድምፅ ከየቤቱ ይሰማል። ብዙዎቻችን በቆየው ግድግዳ ላይ አዲስ መስኮት ለመክፈት አስበናል። ሐሳቡ መልካም ነው። ጭቃ ቤቶቻችን አብዛኞቹ አንድ በርና አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ያላቸው ናቸው። የምድጃው ጭስ መውጫ አጥቶ የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። የሳንባ ነቀርሳም ቢሆን አየር በማይዘዋወርበት ቤት ቶሎ ይተላለፋል። ስለዚህ መስኮት የቅንጦት ነገር አይደለም።

ነገር ግን መስኮት መክፈት ማለት ግድግዳ መብሳት ብቻ አይደለም። በጭቃ ቤት ጣራውን የተሸከመው ጭቃው ሳይሆን ቋሚው እንጨት ነው። ባለፈው ዓመት ቋሚ ተቆርጦ ጣራው የጎበጠበትን ቤት ያላየ የለም። ሰው አለመጎዳቱ እግዜር ረድቶ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ልስኑን አንስቶ ቋሚዎቹ የት እንዳሉ ማየት፣ ከተቻለም በሁለት ቋሚ መካከል መክፈት ነው። መቁረጥ ግድ ከሆነ ጣራውን ከውስጥ በድጋፍ እንጨት ሳያስይዙ መጋዝ ማንሳት አይገባም። ከላይም ጠንካራ ጉበን ከግራና ከቀኝ ቋሚ ጋር ይያያዝ። በብሎኬት ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ያለ አርኪትራቭ መስኮት አይከፈትም። ሥራው ክረምት ሳይገባ ይለቅ፤ እርጥብ ልስን በዝናብ አይደርቅም።

ሁለተኛው ነገር ጎረቤት ነው። ለእኔ ብርሃን የሚያስገባው መስኮት የጎረቤቴን ገበና የሚያሳይ መሆን የለበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ለማኅበሩ የሚቀርበው አቤቱታ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሳይነግረኝ ከፈተብኝ» የሚል ነው። ኧረ መንገር ምን ያስከፍላል? ወደ ሰው ግቢ የሚያይ ከሆነ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ተደርጎ ይሠራ፤ ብርሃኑ ይገባል፣ ዓይን ግን አያልፍም። የተጠየቀውም ጎረቤት ለቂም ብሎ «አይሆንም» አይበል። በጭስ የሚታፈኑት ልጆች ከእሱ ልጆች ጋር አብረው የሚጫወቱ ናቸው።

በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የቆመ ቤት ማሻሻልም ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ወረዳውን መጠየቅ ከኋላ ጣጣ ያድናል። የቀበሌ ቤት ተከራዮችም ሳያስፈቅዱ ግድግዳ አይንኩ።

ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ጎረቤትን መጠየቅ፣ ፈቃድ ማውጣት፣ ጣራውን መደገፍ፣ ከዚያ መክፈት። የድጋፍ እንጨት ወይም ሰው ያነሰው ቢኖር ለማኅበሩ ይንገር፣ ተባብረን እናስይዛለን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ!

የማኅበሩ ጸሐፊ